ምዕራፍ 7፦ በውኃ ዳር ቤት ስለ መግዛት

በባዕድ አገር ብዙ ዘመን ደክሞ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ፣ ወይም በአዲስ አበባ ጩኸትና አቧራ መካከል ሳለ ጡረታው የደረሰ ሰው፣ በልቡ ሸሽጎ ከሚያኖራቸው ምኞቶች አንዱ፣ ጸጥ ባለ የቆላ መንደር፣ ከውኃ ፊት ለፊት፣ በማንጎ ጥላ ሥር በረንዳ ያላት አነስተኛ ቤት ገዝቶ የቀረ ዘመኑን በዕረፍት ማሳለፍ ነው። ምኞቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዛዊውን ወደ ኬንያ ጠረፍ፣ አሜሪካዊውንም ወደ ሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ የሚወስደው ይኸው ነው። የእኛ አገር ሰው ግን፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌለው፣ ምኞቱን በሐይቅ አሳርፎ፣ እንደ አቅሙ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳ፣ በላንጋኖ ወይም በባሕር ዳር ቦታ ሲያማትር ኖሯል፤ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፣ ወደ ቤኒሻንጉል፣ ዓይኑን ያቀናው ሰው ጥቂት ነበር።

ይህን የለወጠው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውኃ መያዝ የጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ፣ 145 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ዓባይን ገትቶ፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝና 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሐይቅ ከኋላው ፈጥሯል፤ ይኸውም በስፋቱ የጣናን እኩሌታ የሚያልፍ ነው። ስሙም ንጋት ተብሏል። ሰሜናዊ ዳርቻው በመተከል፣ ደቡባዊው በአሶሳና በካማሺ ዞኖች ላይ ያርፋል፤ ከቀድሞዎቹ ኮረብታዎች አንዳንዶቹ ጫፋቸውን ብቻ አውጥተው ደሴት ሆነዋል። ውኃ ባለበት ዓሣ አስጋሪ፣ ዓሣ አስጋሪ ባለበት ምግብ ቤት፣ ምግብ ቤት ባለበትም ደላላ መምጣቱ የታወቀ ሥርዓት ስለሆነ፣ በዚያ ዳርቻ ቦታ ይገኛል ወይ፣ ቢገኝስ ይገዛል ወይ የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

መልሱን ከውኃው ከራሱ እንጀምር። የተፈጥሮ ሐይቅ ዳርቻ ከክረምት እስከ በጋ ከፍ ዝቅ ቢልም በመጠኑ ነው፤ የጣና ውኃ ልዩነት በዓመት ውስጥ በ2 ሜትር ገደማ የሚወሰን ስለሆነ፣ በባሕር ዳር ከተማ በውኃው ጠርዝ የተተከለ ዋርካ ልጅ በነበርንበት ጊዜ ከነበረበት ስፍራ ዛሬም እዚያው ከውኃው አጠገብ ይገኛል። ንጋት ግን ለማየት ሳይሆን ለሥራ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ሲሞላ የውኃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ይደርሳል፤ መብራት ለማመንጨት ሲባል ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛ የሥራ ከፍታ ደግሞ 590 ሜትር ተብሎ ተወስኗል። በሁለቱ መካከል 50 ሜትር አለ። በየዓመቱ ይህን ያህል ይወርዳል ማለት አይደለም፤ ዝናብ በተከታታይ ያጠረ እንደሆነ ግን የተቀመጠው ውኃ ተርባይኑን እያዞረ መውጣቱ ግድ ስለሆነ፣ ዳርቻው ወደ መካከል መሸሹ የማይቀር ነው።

ይህ በቁጥር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በምድር ላይ ግን እንዲህ አይደለም። ገደል በሆነ ስፍራ ውኃው 10 ሜትር ቢወርድ ቤትህ ከውኃው የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ገዥ ሁሉ የሚመኘው ገደሉን ሳይሆን ለጥ ያለውን፣ ልጆች የሚሯሯጡበትን፣ ጀልባ የሚጎተትበትን ሜዳ ነው። በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ ዝቅ በሚል ሜዳ ላይ ውኃው 10 ሜትር ሲቀንስ ዳርቻው 1 ኪሎ ሜትር ይሸሻል፤ በበረንዳህና በሐይቁ መካከልም የሚቀርልህ አሸዋ ሳይሆን፣ ጭቃና ሰምጦ የሞተ የዛፍ ግንድ ነው። ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል፤ በሚያዝያ ወር መጥቶ ደረቁን ዳርቻ ያየና የወደደ ሰው፣ ክረምቱ አልፎ በመስከረም ሲመለስ የወደደውን ስፍራ ከውኃ በታች ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ በንጋት ዳርቻ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ውኃው ዛሬ የት እንደ ቆመ አይደለም፤ የ640 ሜትሩ ከፍታ መስመር የት ላይ እንደሚያልፍ ነው፤ ይህንንም የሚመልሰው ደላላ ሳይሆን መሣሪያ የያዘ ቀያሽ ነው።

ደግሞ ወባ አለ። 640 ሜትር ማለት ጽኑ ቆላ ማለት ነው፤ ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም፤ ሐይቁ ሲሸሽ በየጎድጓዳው የሚቀረው ጥልቀት የሌለው ውኃም ለትንኝ መራቢያ የተመቸ ነው። ሐኪም ቤት በሰዓት ውስጥ የማይደረስበት ስፍራ፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው የዕረፍት ስፍራ ሊባል አይችልም።

ከውኃው ወደ ምድሩ ስንመለስ፣ የነገሩ ሥር ያለው በዚህ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ርስት ሽያጭ ሲደነግግ፣ ምድር ለዘለዓለም እንዳትሸጥ፣ በ50ኛው ዓመት በኢዮቤልዩ ወደ ቀድሞ ባለርስቷ እንድትመለስ ያዝዛል፤ ስለ ቤት ሲናገር ግን ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈውን ልዩነት ያደርጋል። ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ቢሸጥ፣ ሻጩ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠው ለገዥው ለልጅ ልጁ ይጸናል፤ ቅጥር በሌለው መንደር ያለ ቤት ግን እንደ እርሻ ይቆጠራል፣ በኢዮቤልዩም ይወጣል። ሕግ አዋቂው ሙሴ በመንደርና በከተማ ቤት መካከል ያኖረው ይህ ድንበር፣ ከሦስት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዘመን አልፎ፣ በሌላ ምክንያትና በሌላ ቃል በእኛም ሕግ ውስጥ ቆሞ ይገኛል።

ቤኒሻንጉል ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የገባው በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ አገሩን እንደ አሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ያሉ የበርታ ገዥዎች በወርቅ እየገበሩ አስተዳድረውታል፤ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር እንደ ነበረው ያለ፣ ከአባት ከአያት በሐረግ ተቆጥሮ የሚከፈል የግለሰብ ርስት ግን በጉሙዝና በበርታ ዘንድ የምድር አያያዝ መሠረት አልነበረም። የጉሙዝ ገበሬ ጫካውን መንጥሮ በመቆፈሪያ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ ይዘራል፤ ምድሩ ሲደክም ለዓመታት ያሳርፈውና ወደ ሌላው ያልፋል፤ ዱር የሆነውንም ስፍራ ዘመኑ ሲደርስ ተመልሶ ይዞ ያርሰዋል። መንገደኛው በዚያ ሲያልፍ የሚያየው ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ ስለሆነ፣ ባዶ መሬት አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። በእኔ ፍርድ በዚያ ክልል ከምድር ጋር የተያያዘው ስሕተት ሁሉ፣ በመንግሥትም በባለሀብትም በኩል፣ ከዚህ ደስታ ይጀምራል። ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ማንጎውን ይይ። ከፍሬ የበቀለ ማንጎ ለማፍራት ዓመታት ይፈልጋል፤ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ግንድ ያለበት ስፍራ ደግሞ ቢያንስ የአንድ ትውልድ እጅ የነካው ነው። ማን እንደ ተከለው ሳይታወቅ የተገዛ ማንጎ ከነባለቤቱ የተገዛ ነው።

በዚህ ላይ ሰፋሪው አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ወደ አሶሳ አካባቢ ተወስዶ ሰፍሯል፤ መንደሮቹም መገሌና ሰልጋ እየተባሉ በቁጥር ተሰይመው እስከ ዛሬ በዚያው ቁጥር ይጠራሉ። የሰፋሪው ልጅ ዛሬ በዚያ ተወልዶ ያደገ ገበሬ ነው፤ የክልሉ ሕገ መንግሥት ግን የክልሉ ባለቤት ብሎ የሚጠራቸው በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነው። ይህ ሳይታረቅ የቆየ ነገር ያመጣውን መከራ በመተከል ያየን ሰዎች ነን፤ በ2013 ዓ.ም. ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር የወደቀው፣ ብዙ ሰውም ቤቱን ጥሎ የተሰደደው በቅርቡ ነው። ሰው ከተፈናቀለበት ስፍራ በርካሽ የሚቀርብ ቤት ሲገኝ፣ ዋጋው ለምን እንደ ወረደ ከመጠየቅ በፊት ባለቤቱ የት እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውም የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥትና የሕዝብ አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ ይህን አጽንቶ፣ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ፤ በዚያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሠራው ሕንፃ ሙሉ መብት እንዳለው ጨመረበት። እንግዲህ በኢትዮጵያ ቤት ገዛሁ የሚል ሰው የገዛው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና በዚያ ቦታ ላይ የመቀመጥን መብት ነው። በከተማ ውስጥ ይህ መብት በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ እንደሚያዘው ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይቆያል፤ የሊዙ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተያዘው ነባር ይዞታም ቢሆን፣ ከውርስ በቀር በሽያጭም ሆነ በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ በሊዝ ሥር ይገባል። በገጠር ግን ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ሊያወርሰው፣ በሕጉ መጠን ሊያከራየው ይችላል፤ ሊሸጠው አይችልም። በንጋት ዙሪያ ያለው ዳርቻ እጅግ አብዛኛው ገጠር ነው። ለከተማ ያልተከለለ፣ ፕላን ያልወጣለት፣ የእርሻ ወይም የደን ምድር ሆኖ ሳለ በስጦታ ውል ወይም በብድር ስም ተሸፍኖ የሚሸጥ ቦታ፣ ነገሩ በፍርድ ቤት የታየ ዕለት ገዥውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ በላዩ የተሠራውም ቤት የጨረቃ ቤት ተብሎ የሚፈርስ ነው።

ደላላው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ካልያዙት ነገ አያገኙትም፤ ስንት ሰው ነው በስልክ የሚጨቀጭቀኝ!»

«ካርታው የታለ፣ ልጄ?»

«ካርታ ይደርሳል ጋሼ። ቀበሌው ያውቀዋል፣ ሽማግሌዎቹም ፈርመውበታል።»

እዚህ ላይ ንግግሩ ማብቃት አለበት። የሽማግሌ ፊርማ ለዕርቅ የከበረ ነገር ነው፤ ለይዞታ ማረጋገጫ ግን ምትክ አይሆንም፤ ይደርሳል የተባለ ካርታም እስኪደርስ ድረስ ገንዘቡ በገዥው ኪስ ሊቆይ ይችላል።

በጎረቤትና በሩቅ አገርም ቢሆን የውኃ ዳር ምድር ለመጣ ሁሉ የተከፈተ አይደለም። ሜክሲኮ ከባሕር ጠረፍ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከየብስ ወሰን ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን ምድር የውጭ ሰው በስሙ እንዳይዝ ከልክላ፣ ባንክ በአደራ እንዲይዝለት ታደርጋለች፤ ኬንያም በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ለውጭ ዜጋ ከ99 ዓመት የማይበልጥ ኪራይ ብቻ ፈቅዳለች። በእኛም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በ390ኛው ቁጥር ይከለክላል፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊውን ከዚህ ክልከላ ነፃ ያወጣው በ1994 ዓ.ም. የወጣው 270ኛው አዋጅ ነው፤ ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ቤት የሚገዛው በዚህ መብት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ለሌላውም የውጭ ዜጋ በሩን በመጠን የከፈተ አዋጅ አጽድቋል። ፓስፖርቱ የባዕድ የሆነ ወገናችን ከሁሉ በፊት በየትኛው በር እንደሚገባ ይወቅ፤ በወንድም ወይም በአክስት ልጅ ስም የተገዛ ቤት ያፈረሰውን ቤተሰብ ቁጥር የሚያውቁት የቤተሰብ ሽማግሌዎች ናቸው።

ታዲያ ምኞቱ ይቅር ወይ? አይቅር፤ ስፍራውን ብቻ ይለውጥ። ያን የቆላ ጸጥታና የማንጎ ጥላ የሚፈልግ ሰው አሶሳን ይይ። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ በአውሮፕላን ግን በቀን ተሂዶ የሚመለስባት፣ ከፍታዋ ከ1,500 ሜትር የሚያልፍ፣ በቆላና በወይና ደጋ ወሰን ላይ የተቀመጠች፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ የሚጎበኛት ከተማ ናት። በገበያዋ የበርታ ቋንቋ፣ ዓረብኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማል፤ አጥሩም ወንበሩም ጣሪያውም ቀርከሃ ነው፤ በክረምትም የቀርከሃ ቡቃያ ለወጥ ይቀርባል። ወባው በዚያም አለና አጎበር አይረሳ። ሐይቁን ማየት ለፈለገ መንገዱ ክፍት ነው፤ ውኃን ለማየት የውኃው ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ዋናው ነገር ግን አሶሳ ከተማ መሆኗ ነው፦ ፕላን አላት፣ ማዘጋጃ አላት፣ የይዞታ ፋይል አላት፤ የኦሪቱን ቃል ብንዋስ ቅጥር አላት።

ቤቱን ስታይ ከቀለሙ አትጀምር። የዚያ አገር የቤት ጠላት ምስጥ ነው። ከአሶሳ እስከ ምዕራብ ወለጋ ያለው ቀይ አፈር ምስጥ የሞላበት ስለሆነ፣ ጭቃና እንጨት የሆነ ቤት በውጭ አምሮ በውስጥ ሊበላ ይችላል። ጎንበስ በልና የማዕዘኑን ምሰሶ ከመሬት በሚገናኝበት ተመልከት፤ እንደ ጣት ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ የደረቀ የጭቃ መስመር ካየህ በጥፍርህ ሰበር አድርገው፤ ውስጡ ነጫጭ ምስጥ ሲተራመስ ታያለህ። ባይኖርም ምሰሶውን በጉልበት ከፍታ በጣትህ አንጓ መታ መታ አድርገው፤ ጤነኛ እንጨት ድምፁ ድፍን ነው፤ የተበላው ባዶ ቅል እንደ ተመታ ያስተጋባል። ብልኅ ሠሪ ምሰሶውን ከመቅበሩ በፊት ግርጌውን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቶታል፣ ወይም በድንጋይ መሠረት ላይ አቁሞታል፤ የትኛው እንደ ተደረገ ባለቤቱን ሳይሆን ግድግዳውን የመረገውን ሰው ጠይቀው። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ምልክት ካለ ጣሪያው ያፈሳል። የጉድጓዱ ውኃ በመጋቢት መድረቅ አለመድረቁን ደግሞ የጎረቤት ሴቶች ያውቃሉ፤ ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ሂድ። ነቢዩ ኤርምያስ በዓናቶት የነበረውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ፣ ከተማይቱ በባቢሎን ጭፍራ ተከብባ ሳለ እንኳ፣ ውሉን በምስክር ፊት ጽፎ፣ አንዱን አትሞ ሌላውን ክፍት አድርጎ፣ ሁለቱንም በሸክላ ዕቃ አስቀምጧል፤ በእንዲያ ያለ ጭንቅ ያልተዘለለ ሥርዓት በሰላም ጊዜ አይዘለልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1723ኛው ቁጥር የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ፣ በ2878ኛውም ቁጥር ሽያጩ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ እንዳይጸና ያዝዛል። ካርታው በሻጩ ስም ይሁን፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ የሌለበት መሆኑ ከፋይሉ ላይ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ስምህ በመዝገቡ ላይ እስኪዛወር ድረስ ዋጋውን ጨርሰህ አትክፈል።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር ልጨምር። በሕጋችን በ1885ኛው ቁጥር መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ለሁለቱም የተመዛዘነ ፍርድ ነው፤ የሚሠራው ግን ሻጩ የሚሸጠው ነገር ሲኖረው ነው። ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ በሐይቁ ዳር ቆመህ ነፋሱ ደስ ሲያሰኝህ ለማንም ቀብድ አትስጥ፤ መጀመሪያ ወደ አሶሳ ተመለስ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግባ፣ የቦታውን ፋይል አስወጥተህ በዓይንህ አንብበው።